ቅንጡ ኤስዩቪ ወይስ የስፖርት መኪና? ለድሬዳዋና ለሐረር ገዢ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ መኪና የሚፈትነው ሙቀቱ ነው፤ ሐረር ላይ የመንገዱ ጥበትና ድንጋዩ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ደንገጎ የሚባለው ረጅም ዳገትና ቁልቁለት አለ። ቅንጡ ኤስዩቪ ልግዛ ወይስ የስፖርት መኪና እያለ የሚያመነታ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው የፈረስ ጉልበትን፣ የወንበር ቆዳንና የስክሪን ስፋትን ነው። እነዚህ በፎቶም ይታያሉ። በፎቶ የማይታየው ባምፐሩ የግቢዎን መውጫ ይነካል ወይ፣ ፍሬኑ ቁልቁለቱን ይችላል ወይ፣ ጎማው ሲቀደድ ምትኩ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ስለዚህ መኪናውን ከማየትዎ በፊት የሚነዱበትን መንገድ ይመርምሩ።

ገበያው ላይ ያለው

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የገዢው ምርጫ ሁለት ሆኗል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ቀድሞ የገባ፣ ታርጋ የያዘ መኪና ነው፤ አዲስ የሚፈልግ ወደ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ የቤት መኪና ላይ 100 በመቶ፣ በአሮጌው ላይ ደግሞ እንደ ዕድሜው ከዚያ የሚበልጥ ስለጣለ፣ ባለትልቅ ሞተር መኪኖች ዛሬም ያንን ታክስ በዋጋቸው ተሸክመው ይሸጣሉ። ለመኪናው አሠራር ሳይሆን ለታክሱ የከፈሉት ገንዘብ ብዙ መሆኑን ይወቁና ዋጋው ስላስደነገጠዎ ብቻ «ጥሩ መኪና መሆን አለበት» አይበሉ።

«ኤስዩቪ» የሚለው ስም በጣም የሚለያዩ መኪኖችን ይሸፍናል። አንደኛው ወገን በሻንሲ ላይ የተቀመጠው ነው፦ ሰው «ቪኤይት» የሚለው ላንድክሩዘር 200፣ ላንድክሩዘር 300፣ ፕራዶ፣ ሌክሰስ ኤልኤክስ 570፣ ኒሳን ፓትሮል። ሌላው ቦዲውና ሻንሲው አንድ ወጥ የሆነ፣ በዋናነት ለአስፋልት የተሠራ ነው፦ ቢኤምደብሊው ኤክስ5፣ መርሴዲስ ጂኤልኢ፣ ፖርሽ ካየን። 21 ኢንች ቸርኬ የተጫማ ኤክስ5 በድንጋይ መንገድ ላይ ከቪኤይት ይልቅ ለስፖርት መኪናው ይቀርባል። ሻጩ «ኤስዩቪ ነው፣ የትም ይገባል» ቢልዎ መጀመሪያ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ።

መንገድዎን በሜትር ይለኩ

የሚያስፈልግዎ አንድ የአናጢ ሜትር፣ አንድ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ጣውላና ውሃ ልክ ነው። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን የአንድ ባምፐር ዋጋ ነው።

በግቢዎ መውጫ ይጀምሩ። የጣውላውን አንድ ጫፍ ዳገቱ ላይ ያሳርፉና ሌላውን ጫፍ ወደ መንገዱ አቅጣጫ አየር ላይ ይዘው በውሃ ልኩ ጠፍጣፋ ያድርጉት። አየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ቁመት፣ መወጣጫው በአንድ ሜትር ውስጥ ስንት ሴንቲ እንደሚነሳ ይነግርዎታል። ከዚያ ወደ መኪናው ይሂዱና ሁለት ነገር ይለኩ፦ የፊት ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ እስከ ባምፐሩ ጫፍ ያለውን ርቀት፣ ቀጥሎም የባምፐሩ የታችኛው ከንፈር ከመሬት ያለውን ከፍታ። ከፍታውን ለርቀቱ ያካፍሉ። ከንፈሩ 12 ሴንቲ ከፍ ብሎ 80 ሴንቲ ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ውጤቱ 0.15 ነው፤ በአንድ ሜትር ከ15 ሴንቲ በላይ የሚነሳ መወጣጫ ከንፈሩን ይልጠዋል ማለት ነው። የኋላውንም እንዲሁ ይለኩት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው፣ ማርሚታው የሚመታውም በዚያ በኩል ነው።

ቀጥሎ በየቀኑ የሚያልፉባቸውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ይለኩ። በዋና መንገድ ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ ሰፊና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የሚጎዱት በየሰፈሩ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠሩት ጠባብና ሹል ጉብታዎች ናቸው። የላንድክሩዘር 200 ሆድ ከመሬት 22 ሴንቲ ገደማ ከፍ ይላል፤ የሙስታንግ 13 ወይም 14፣ የፖርሽ 911 ደግሞ 11 ገደማ ነው። ይህ ባዶውን ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ሁለት ሦስት ሴንቲ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ያለ መኪና ሲለኩ ቤተሰቡን አስገብተው ይለኩ። 911 ላይ የፊቱን 40 ሚሊ ሜትር የሚያነሳ አማራጭ መሣሪያ አለ። ያለውን ካገኙ ለእሱ ተጨማሪ መክፈል አያስቆጭም፤ የሚገዙት መኪና ላይ መኖሩን ግን በወሬ አይመኑ፣ ቁልፉን ተጭነው በሜትር ያረጋግጡ። መሣሪያው ለሌለው ጉብታን በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ እያሳለፉ መሻገር ሆዱን ያድናል።

ሐረር ለሚኖር ሰው የስፋት ጉዳይ ይጨመራል። በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ያሉት አብዛኞቹ መተላለፊያዎች ለሰውና ለአህያ የተሠሩ ናቸው፤ መኪና የሚገባው በጥቂት መንገዶች ነው። ሰው የስፖርት መኪና «ትንሽ» ስለሚመስለው ይቀለኛል ብሎ ያስባል። ልኩ ግን ሌላ ነው፦ ላንድክሩዘር 200 ያለ መስታወቱ 198 ሴንቲ፣ ሙስታንግ 192 ገደማ፣ 911 ደግሞ 185 ሴንቲ ይሰፋል። ልዩነቱ ከአንድ ክንድ በጣም ያነሰ ነው። ከስፖርት መኪና ወንበር ላይ ደግሞ የግድግዳው እግርና የወጣ ድንጋይ አይታይም። ቤቱ ጁገል ውስጥ የሆነ ሰው ሁለቱንም ከግንቡ ውጭ አቁሞ በእግሩ ቢገባ ይሻለዋል፤ የማቆሚያ ቦታና ጥበቃ ያገኘበትን ወጪ ከመግዛቱ በፊት ይደምረው።

ጎማ፦ ልዩነቱ በደንብ የሚታይበት

የጎማውን ጽሑፍ ያንብቡ። 285/60 አር 18 የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው። 285 በ0.60 ሲባዛ 171 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ያለው ላስቲክ ከ17 ሴንቲ በላይ ነው ማለት ነው። የ911 የፊት ጎማ 245/35 አር 20 ሲሆን ሒሳቡ 86 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ግማሹ ነው። በተሰበረ አስፋልት ጠርዝ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወድቅ የቪኤይቱ ጎማ ይታጠፍና ይመለሳል፤ የ911ዱ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ይቆነጠጣል። የውስጡ ክር ይበጠስና ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያብጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ በዚያው መንዳትም አይቻልም።

የስፖርት መኪና የፊትና የኋላ ጎማ ልኩ ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ስለዚህ ማቀያየር አይቻልም፣ የኋላዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም፣ በምትኩ የፈሳሽ መድፈኛና ትንሽ ኮምፕረሰር ነው ያላቸው። ፈሳሹ የሚስማር ቀዳዳን ይደፍናል እንጂ የተቀደደ ጎንን አይደፍንም። ከድሬዳዋ ደወሌ ድረስ ያለው የክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ አካባቢ የስፖርት መኪና እንደ ልቡ የሚሄድበት መንገድ ቢኖር እሱ ነው። እዚያ መሀል ላይ ጎኑ የተቀደደ ባለ 20 ኢንች ጎማ ግን መኪናውን በሎቤድ ያስመልሰዋል። በዚያ መንገድ ግመልና ፍየል በድንገት እንደሚሻገሩም አይርሱ።

ጎማው ጎን ላይ «DOT» ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የድሬ ፀሐይ ላስቲክን ያደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ የአራቱን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው በሚያድርበት ቦታ፣ ሳይነዳ ነው። በየ10 ዲግሪው ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ስለሚጨምር እኩለ ቀን ላይ «በዝቷል» ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ባነሰ ንፋስ ይነሳል፤ ዝቅ ያለ ንፋስና ሙቀት ሲገናኙ ነው ጎማ የሚፈነዳው።

ከፍታና ቤንዚን

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። 460 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 5.0 ሊትር ሙስታንግ ሐረር ላይ የሚሰጠው 380 ገደማ ነው። ተርቦ ያላቸው፣ ለምሳሌ የላንድክሩዘር 200 ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ወይም አዲሶቹ 911ዎች፣ ብዙም አይሰማቸውም።

የስፖርት መኪኖች የነዳጅ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚፈለገው ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት ልክ) ተጽፏል፤ ብዙዎቹ 95 ወይም 98 ይላሉ። ማደያ ላይ ግን ቤንዚን መርጦ መቅዳት የለም፣ ያለው አንድ ነው። ከተጻፈው ያነሰ ኦክቴን በሙቀት ቀን ዳገት ላይ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ ኮምፒዩተሩ ይህን ሰምቶ እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። የሚሰማዎ ድምፅ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደማንቀጥቀጥ ነው። ከሰሙት ቤንዚን አይርገጡ፣ ማርሽ ይቀንሱ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ናፍጣ ኤስዩቪ ላይ ደግሞ የጭስ ማጣሪያውን ይመርምሩ፤ በከተማ አጭር ጉዞ ብቻ ከተነዳ በጥቀርሻ ይደፈናል።

በነዳጅ ፍጆታ የስፖርት መኪናው ይሻላል፤ ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ኤልኤክስ 570 በ100 ኪሎ ሜትር 16 እስከ 17 ሊትር ሲጠጣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ 12 እስከ 13 ይበቃዋል።

የደንገጎ ፈተና

መኪናውን የሚያውቁት እዚህ ነው። ሻጩ ካልተስማማ መኪናውን አይግዙ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይድረሱና ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷል፣ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ የማያባራ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ይጠብቁ። ኤሲውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ አየሩን ወደ ውስጥ ዑደት አድርገው፣ ከማቀዝቀዣው አፍ ላይ ቴርሞሜትር ይሰኩ። ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 12 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ ጋዙ ወይም ኮምፕረሰሩ ችግር አለበት።

ኤሲው እንደተከፈተ ወደ ደንገጎ ይውጡ። መንገዱ ከ1,200 ሜትር ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ይወስድዎታል። የዳሽቦርዱን ቀስት አይመኑ፤ ብዙ መኪኖች ላይ ቀስቱ መሀል ላይ እንዲቆም ስለተደረገ ሙቀቱ ሲጨምር ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ከመሪው ሥር የሚሰካ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ይዘው የውሃውን ዲግሪ ይከታተሉ። ከ85 እስከ 105 ጤናማ ነው፤ 110 ካለፈ ጥግ ይያዙ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ አምስት ደቂቃ ይቁሙ፤ ቬንቲላተሩ መዞር፣ ዲግሪውም መውረድ አለበት። እየወጣ ከሄደ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ቬንቲላተሩ ደክሟል። የስፖርት መኪና ራዲያተሮች ባምፐሩ ውስጥ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ በአቧራ፣ በቅጠልና በላስቲክ ይሞላሉ፤ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ።

መውረዱ ለኤስዩቪው ይከብዳል። 2.7 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ፣ ሞተርና አየር የሚወስዱትን ሳንቀንስ፣ 60 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ የሚያፈላ ሙቀት ይለቃል፤ 1.5 ቶን የሆነው የስፖርት መኪና 35 ሊትር የሚያፈላ። ያ ሁሉ ፍሬን ላይ ከተጫነ ዘይቱ ይፈላል። አዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት የጠጣ አሮጌ ዘይት ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሄዳል። ስለዚህ የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ከፈተናው በፊት ያስቀይሩ። ሲወርዱ ማርሹን በእጅ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ይዘው በሞተር ያስይዙ፤ ፍሬን አጥብቆ መርገጥና መልቀቅ እንጂ እግርን አሳርፎ መውረድ የለም። ታች ሲደርሱ ፔዳሉ ወይም መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከአንድ ጎማ ብቻ ከመጣ ያ ፍሬን ተይዟል።

ወንዙ

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ድሬ አትረሳም። ላንድክሩዘር 200 እስከ 70 ሴንቲ ውሃ እንዲሻገር ቢሠራም ያ ለቆመ ውሃ ነው፤ 60 ሴንቲ የሚሮጥ ውሃ ከባድ መኪናንም ያነሳል። ስፖርት መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩ አየር የሚስበው ከዝቅታ ስለሆነ ውሃ ከገባ የሞተሩን ዘንግ ያጣምማል። በወንዙ አሸዋ ላይ ውሃ ካዩ በየትኛውም መኪና ቢሆን ሳይሻገሩ ይጠብቁ።

ኤሌክትሪኩን ካሰቡ

2.4 ቶን የሚመዝን ኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ደንገጎን ለመውጣት፣ ለከፍታው ብቻ፣ ከመደበኛው ፍጆታ በላይ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ ሲወርድ ግማሹን ወይም ትንሽ የበለጠውን መልሶ ያጠራቅማል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ቁልቁለቱ አናት አጠገብ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ወዲያው መውረድ። የሞላ ባትሪ ስለማይቀበል ሞተሩ መኪናውን አይዝም፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ለመውረድ 80 በመቶ ይበቃል።

ቤትዎ ያለው መስመር 16 አምፔር ከሆነ የሚሞላው በሰዓት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 75 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ21 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 32 አምፔር የሚችል የተለየ ሽቦ ከቆጣሪው ያስዘርጉ፣ የመሬት ሽቦውም መኖሩን ኤሌክትሪሻኑ በመሣሪያ ያረጋግጥልዎ። ሶኬቱ የቻይናው ጂቢቲ ይሁን የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ሳይለዩ አይግዙ።

ያገለገለውን ሲመረምሩ

የአየር ሾክ ባለው ኤስዩቪ ላይ፣ ሬንጅ ሮቨር ቢሆን ጂኤልኢ፣ የአራቱን ጎማ ቅስት ከመሬት ማታ ይለኩና በወረቀት ይጻፉ። ጠዋት ሳይነሳ ደግመው ይለኩ። አንዱ ጥግ ሁለት ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የአየር ከረጢቱ ያፈሳል፤ ባለቤቱ ዝም ብሎ ከነዳው ደግሞ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ አልቋል። የኤልኤክስ 570 ከፍታ በዘይት ነው፤ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ሲያዙት ከነጠረና እንደ ድንጋይ ከደረቀ የጋዝ ኳሶቹ ሞተዋል። ሻንሲ ላይ አዲስ ቀለም ወይም ብየዳ ካዩ ምክንያቱን ይጠይቁ።

የስፖርት መኪና ላይ ሆዱን በሊፍት ሳያዩ አይግዙ። የላስቲክ መከላከያዎቹ መቀደድ የተለመደ ነው፤ የዘይት ቋቱ መጎዳት ግን ሞተሩ አንድ ጊዜ ያለ ዘይት ሠርቶ ሊሆን ስለሚችል ያስፈራል። የወንበር ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻ ይሳቡና ሥሩ ላይ ያለውን የምርት ቀን ያንብቡ፤ ከመኪናው የምርት ዓመት በጣም ከራቀ ኤርባጉ የፈነዳበት ግጭት ነበር ብለው ይጠርጥሩ።

ለማን የቱ

አንድ መኪና ብቻ ለሚኖረው ቤተሰብ፣ ሐረር፣ አወዳይ ወይም ሐረማያ ለሚኖር፣ ወደ ገጠር ለሚወጣ ሰው ምርጫው በሻንሲ ላይ የቆመው ኤስዩቪ ነው፤ በ18 ኢንች ቸርኬ። የላንድክሩዘር መለዋወጫ ድሬ ላይ ይገኛል፣ ከጠፋም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አለ። የስፖርት መኪናው የሚመቸው ድሬ ከተማ ውስጥ ለሚኖር፣ ከከዚራ ሰፋፊ መንገዶች እምብዛም ለማይወጣ፣ ቤቱ ሌላ መኪና ላለው ሰው ነው። ለሁለቱም ከመግዣው ዋጋ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ያስቀምጡ፤ ለስፖርት መኪና ሁለት የኋላ ጎማና አንድ ሙሉ የፍሬን ሸራ ቀድመው ገዝተው ጥላ ያስገቡ። ኤክስ5 እና ካየን የሚፈልጉ ከሆነ ኮምፒዩተሩን የሚያነብ ጋራዥ መጀመሪያ ያግኙ፣ መኪናውን በኋላ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የተፋቀ ወይም ፊደሉ ያልተስተካከለ ከሆነ እዚያው ያቁሙ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ዋናውን ያስመጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ ወደ እርስዎ አይዛወርም፤ ዕዳው ግን ከመኪናው ጋር ይመጣል። ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን ያስጣሩ፣ ቦሎውንም ይዩ።

በውክልና ብቻ የሚሸጥ መኪና አይግዙ። ወካዩ ውክልናውን ካነሳ ወይም ከሞተ በእጅዎ የሚቀረው ቁልፉ ብቻ ነው። ቀብድ ካስያዙ ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም፣ በባንክ ዝውውር መሆኑን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ሙሉ የመድን ዋስትናውም ስሙ በተዛወረበት ቀን ይጀምር፣ በዚያው ቀን ደንገጎን ሊወርዱ ይችላሉና።